የእትዬ ብርቱካን ሰርግ

አምና ክፍል ውስጥ እጄን ለማውጣት እንኳ እፈራ ነበር። ዘንድሮ በኮምፒውተር ትምህርት አንደኛ ስወጣ፣ እዚህ ዳንግላ ፎቶ ቤት ያላቸው ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ አምነውኝ ትርፍ ሃርድ ዲስካቸውን ሰጡኝ።

"ባዶ ነው። ውስጡን በኮምፒውተር ለሁለት ክፈይልኝና የፎቶ መጠባበቂያ እናርገው" አሉኝ።

እኔም ልቤ አብጦ፣ ውስጡን ሳላይ ሙልጭ አድርጌ አጥፍቼ ለሁለት ከፈልኩት። ስጨርስ ጋሽ ሰይድ ጭንቅላታቸውን ያዙ።

"ውይ! የብርቱካን የሰርግ ፎቶ እዚያ ላይ ነበር! ሌላ ቅጂ የለኝም።"

ከእንግዲህ ኮምፒውተር የሚያስነካኝ የለም ብዬ ላለቅስ ስል፣ "አይዞሽ ልጄ፣ ባዶ ነው ያልኩሽ እኔው ነኝ" አሉኝ። ለዚህች ቃላቸው እስከዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ደውለው ደንበኛቸውን ብርቱካንን ጠሯት። እትዬ ብርቱካን በጋሪ እየተጣደፈች መጣች። ጋሽ ሰይድ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደምኳቸው።

"እትዬ፣ የሰርግሽን ፎቶ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

እቅፍ አድርጋ ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝ።

"ተባረኪ! ከዚያ ሰውዬ ከተፋታሁ ጀምሮ ጋሽ ሰይድን አጥፉልኝ ብዬ ስለምናቸው፣ 'እኔ የሰው ሰርግ አላጠፋም' እያሉ አስቸገሩኝ እኮ!"