በጨው የዳነው አሳ

በኛ ጊዜ መካነ ሰላም ላይ የተማረች ልጅ ወይ አስተማሪ ትሆናለች ወይ ዐረብ አገር ትሄዳለች። እኔ አሳ ላጠና ተነሳሁ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ምን እንደምማር ጠይቆኝ እውነቱን ስነግረው ሳይስቅ የወረደ ትዝ አይለኝም። አሳ የሚበላ በሌለበት ደጋ የአሳ ተማሪ!

ታላቅ እህቴ ግን አልሳቀችም። ትምህርቷን አቋርጣ ጅዳ የገባችው እኔ እንድማር ነው። ማስተርስ ልጀምር ስል በስልክ ተስማማን። ያኔ በየከተማው ዩኒቨርሲቲ ይከፈት ስለነበር ማስተርስ ያለው ሰው ሥራ አያጣም። እኔ ጨርሼ ሥራ ስይዝ እሷ ጓዟን ጠቅልላ ትመጣለች፤ እኔ ከወደቅሁ እሷም እዚያው ትቀራለች። እንዲህ ያለ ሸክም የተሸከመ አሳ ያለ አይመስለኝም።

የማጠናው ነገር ቀላል ነበር። ከአገራችን ወደ ዓባይ በሚወርድ አንድ ወንዝ ላይ ትልቅ ፏፏቴ አለ። ከፏፏቴው በላይም ከፏፏቴው በታችም ድንጋይ ላይ በአፉ የሚለጠፍ ትንሽ አሳ ይኖራል፤ በዓይን ሲያዩት አንድ ነው። አማካሪዬም “አንድ ነው፤ በከንቱ ትደክሚያለሽ” ብለውኛል። ሰውየው ደግ ናቸው፤ ግን አንዴ ካሉ አሉ። እኔም ግትር ነኝ። የታችኛው አሳ ያንን ገደል መውጣት አይችልም፤ የላይኛው ለብቻው ሲኖር ስንት ዘመኑ ነው፤ ተለይቷል ብዬ ድርቅ አልኩ። ሊዳኘን የሚችለው የአሳው ዲኤንኤ ብቻ ነበር።

ከዲኤንኤው የመረጥኩት የራይቦዞምን ክፍል ነው። ራይቦዞም በሴል ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራበት ቦታ ነው። ሥራ ስለሚበዛበት እሱ ራሱ የሚሠራበት መመሪያ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ በመቶዎች ጊዜ ተደጋግሞ ተጽፏል። መመሪያው ራሱ እምብዛም አይለወጥም፤ በድግግሞሾቹ መካከል ያለው ክፍል ግን ቶሎ ይለወጣል። ተመሳሳይ የሚመስሉ ዘመዳሞች የሚለዩት እዚያ ላይ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ወንዝ ወርጄ አሳዎቼን ሰበሰብኩ። በየብልቃጡ ንጹሕ አልኮል ውስጥ ነከርኳቸው፤ የላይኞቹን በአንድ ቦርሳ፣ የታችኞቹን በሌላ ቦርሳ አድርጌ ቤት አስቀመጥኩና ለቅሶ ልደርስ ወረኢሉ ሄድኩ።

አባቴ ቤታችን ውስጥ ቁርኣን ያቀራሉ። ከለቅሶው ስመለስ ብልቃጦቼ ታጥበው፣ ተደፍተው ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። አሳዎቼ ማድቤት ውስጥ ጨው ተነስንሶባቸው እንደ ቋንጣ በሁለት ክር ተሰቅለዋል።

“እማዬ! ምን አደረግሽ?”

እናቴ ምንም አልመሰላትም። “ያን ነጃሳ ደፋሁታ! ቁርኣን በሚቀራበት ቤት መጠጥ ታስቀምጫለሽ? አሳው ግን ምን አጠፋ? አሳ እንደሁ ሳይታረድም ሐላል ነው። አጥቤ፣ ጨው ነስንሼ ሰቀልኩልሽ። ደሞ አማና ነው፣ አደራ ነው ብዬ የአንዱን ቦርሳ ከሌላው አልቀላቀልኩም።”

ጮህኩ። አባቴ ከሚያቀሯቸው ደረሶች መሐል ተነስተው መጡና “አንቺ ልጅ፣ ሰብር አድርጊ” አሉኝ። እንዴት ብዬ ልታገሥ? በሰሞኑ ዝናብ ወንዙ ሞልቷል፤ እስኪጎድል ልጠብቅ ብል ጽሑፌን የማስረክብበት ጊዜ ያልፋል። እናቴ የእህቴን መመለሻ ደጅ የደፋችው መሰለኝ።

ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ ሁለቱን ክር በሁለት ጨርቅ ቋጥሬ አዲስ አበባ ገባሁ። አማካሪዬ መነጽራቸውን አወለቁ።

“ይሄ ምንድን ነው? ለምሳ ነው?”

“ዶክተር፣ ይፍቀዱልኝ፤ ልሞክረው።”

መንገዱን ሙሉ ሳሰላስል ነበር የመጣሁት። ጨው ውሃን ይመጥጣል፤ ዲኤንኤን የሚያበላሸው ነገር ደግሞ ያለ እርጥበት አይሠራም። ተበጣጥሶ ቢሆን እንኳ እኔ የምፈልገው ክፍል ቅጂው ብዙ ነው፤ ብዙው ቢጠፋ ጥቂቱ ይተርፋል። አንዴ ብቻ የተጻፈ ነገር መርጬ ቢሆን ኖሮ አብቅቶልኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ ባዶ ወጣ። ጨው የዲኤንኤ ማባዣውን ሥራ እንደሚያውክ አውቅ ነበርና እናቴ የነሰነሰችውን እኔ በተራዬ አጥብ ጀመር። አጠብኩ፣ ዘፍዝፌ አሳደርኩ፣ ደግሜ አጠብኩ። በሁለተኛው ሙከራ የተባዛው ዲኤንኤ ያለበትን ጄል መብራቱ ላይ ሳስቀምጠው ዲኤንኤው መገኘቱን የሚያሳዩት መስመሮች ቦግ አሉ። የሁለቱም ክር አሳዎች፣ አንድም ሳይቀር! “አልሐምዱሊላህ!” ብዬ ስጮህ አማካሪዬ ከቢሯቸው ሮጠው መጡ።

“የቋንጣው ነው?”

“የቋንጣው ነው!”

የዲኤንኤው ቅደም ተከተል እንዲነበብ ወደ ውጭ ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ አብረን ተቀምጠን አየነው። የላይኞቹ እርስ በርሳቸው አንድ ናቸው፤ ከታችኞቹ ጋር ግን በዚያ በመካከለኛው ክፍል ፈጽሞ አይገናኙም። አማካሪዬ ደግመው አዩትና “አንድ አይደለም” አሉ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የዚያን ቀን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጽሑፌን ሳቀርብ አንዱ ፈታኝ፣ ከአልኮል ይልቅ ጨው ለምን እንደመረጥኩ ጠየቁኝ።

“እኔ አልመረጥኩም፤ የመረጠችው እናቴ ናት። አልኮሉን ነጃሳ ነው ብላ ደፋችው።”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ አማካሪዬማ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር። ውጤቴ እጅግ በጣም ጥሩ ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ አዲስ የተከፈተ ዩኒቨርሲቲ ቀጠረኝ።

ወሬውን ይዤ አገሬ ገባሁ። እናቴ ሁሉንም አስጨርሳ ከሰማች በኋላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “የላይኞቹ እንግዲህ የኛ የራሳችን ናቸው በይኛ?” ናቸው አልኳት። ኮራች። ከዚያ አባቴም እሷም አጠገቤ ተቀምጠው ጅዳ ደወልኩ።

“ሥራ ያዝኩ” አልኩ።

አልኮሉ የተደፋ ጊዜ ለእህቴ ደውዬ ነግሬያት ነበር። “እማዬ አልኮሉን ደፍታውም?” አለች።

“ደፍታውም!”

ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። “እና ሻንጣዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ ላውርድ?”

“አውርጂው” ከማለቴ እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።