አባቴ ሳይበሉ የዞሩት ከተማ

አባቴን በሆዳቸው በኩል ልይዛቸው አስቤ ነበር። እናቴ ካረፈች ዓመት አልሞላም፤ አባቴ መንዝ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያፏጭበት ቤት ብቻቸውን ቀርተዋል። ልጃቸው እኔ ብቻ ነኝ። በደወልኩ ቁጥር "ይምጡና አብረን እንኑር" እላለሁ፤ እሳቸው "እግዜር ያውቃል" ይሉና ስለ ገብሱ ያወሩልኛል። ታዲያ በጥቅምት አንድ ረቡዕ ማታ ላምበረት መናኸሪያ ከአውቶቡስ ወርደው፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ "ላይሽ ነው የመጣሁት፤ ዓርብ ጠዋት እመለሳለሁ" አሉኝ። ያለኝ ሐሙስ ብቻ መሆኑ ገባኝና ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወሰድኩ።

አባቴን በንግግር ያሸነፈ ሰው አላውቅም። ምግብ ግን ሌላ ነገር ነው አልኩ። እኔ ራሴ ይህን ከተማ የወደድኩት በምላሴ ነው። የካ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስገባ የማውቀው ሰው አልነበረኝም፤ መንገዱን የለየሁት "ዱለት ቤቱ ጋ ታጥፌ፣ ጭማቂ ቤቱን አልፌ" እያልኩ ነው። ስለዚህ የምወዳቸውን ቤቶች ሁሉ በአንድ ቀን ላሳያቸው ወሰንኩ። ከላምበረት ጀምረን፣ ሾላን አቋርጠን፣ እንጦጦ ላይ ልንጨርስ። ይህን ሁሉ ቀምሶ ወደ ባዶ ቤት የሚመለስ ሰው ካለ እንተያያለን አልኩ። ቀኑ ረቡዕም ዓርብም አለመሆኑ ደግሞ የዕድሌ ዕድል መሰለኝ።

ጠዋት ላምበረት ያለችው ዱለት ቤት ወሰድኳቸው። ሾፌሮችና ተሸካሚዎች በአንድ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የሚበሉባት ጠባብ ቤት ናት። ዱለቱ በሸክላ እየተንጨረጨረ መጣ። የቅቤው ሽታ ብቻውን ያጠግባል። አባቴ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ እንዳደረጉ አዩት።

"ይብሉ እንጂ አባባ።"

"ጽጌ ነው እኮ ልጄ።"

ክው አልኩ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መግቢያ የሚጾመውን የጽጌ ጾም ከተማ ከገባሁ ወዲህ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። እናቴ ግን አንድም ዓመት አሳልፋው አታውቅም ነበር።

"የፈቃድ ጾም አይደል እንዴ? ግዴታ የለበትም" አልኩ፣ እንደ ጠበቃ።

"እኔም ፈቅጄ ነው እንጂ ማን አስገደደኝ?"

"እሺ፣ የጾም ነገር ላስመጣ?"

"እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስ። አንቺ ብይ፤ እኔ አይሻለሁ።"

አባት ጾሙን ተቀምጦ እያየ ልጅ እንዴት ይጎርሳል? ዱለቱን አጠገባችን ለነበሩት ሾፌሮች አሳለፍኩላቸው። ተናድጄ ነበር። በጽጌ መናደድ ኃጢአት ስለሆነ በሾፌሮቹ ተናደድኩ፤ ያን ያህል ማጣጣም ምን አመጣው?

ባለቤቲቱ ሳህኑ ሲያልፍ አይታ "ምነው፣ አልጣመም?" ብላ መጣች። አባቴ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉላት።

"የለም፣ እጅሽ ይባረክ። ልጄ እዚህ ነው የምትበላው?"

"ጠዋት ጠዋት እዚችው ጥግ ናት አባቴ።"

"ስትቀርስ?"

"ስትቀርማ እንደውላለን እንጂ። ክረምት ላይ ጉንፋን ጥሏት ሾርባ ልኬላት የለ?"

አባቴ ዞር ብለው አዩኝ። ስለ ጉንፋኑ አልነገርኳቸውም ነበር። ስንወጣ "በቃ ቤት እንሂድ፣ ምን ዋጋ አለው" አልኩ። እሳቸው ግን "ያሰብሽውን አሳይኝ፤ ለማየት ነው የመጣሁት" አሉና ቀድመውኝ መራመድ ጀመሩ።

በባዶ ሆዴ ሾላ ገበያን ዞሬ አላውቅም። ሁልጊዜ የምገባው በልቼ ነው፤ የምፈልገውን አንስቼ በጎን እሾልካለሁ። የዚያን ቀን ግን ረሃቡ ዓይኔን የከፈተው ይመስለኛል። ሸራ ላይ የተሰጣው በርበሬ ፀሐይ አርፎበት ሲቀላ፣ ኮረሪማው ከጥቁር አዝሙዱ ተደባልቆ አፍንጫዬን ሲይዘኝ፣ ሽንኩርት የጫነው ተሸካሚ "ዞር በሉ" እያለ ሲያልፍ፣ ቆሜ ቀረሁ። በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፤ ይህን ሁሉ የት ደብቀውብኝ ነበር? አፌ ውሃ ሞልቶ ለመናገር እንኳ ቸገረኝ።

አባቴ ሽሮዬን የምታዘጋጅልኝ ሴትዮ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ገብስ ጆንያ ውስጥ ሰደዱ። ሴትዮዋ የዚሁ የየካ ኦሮሞ ናት፤ ቤተሰቦቿ ገበሬዎች ነበሩ።

"የየት ነው?" አሏት።

"የሰንዳፋ ነው አባቢያ። ድሮ ከራሳችን ማሳ ነበር የምናመጣው። ማሳው አሁን ያውና" ብላ በአገጯ ኮንዶሚኒየሞቹን አሳየቻቸው።

ገብሱን እያንዳንዳቸው በመዳፋቸው ይዘው፣ ስለ ዝናብና ስለ ውርጭ ብዙ አወሩ። መጨረሻ ላይ አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ይቺ ልጅ ብቻዋን ነው የምትመጣ?" ሲሉ ሰማሁ።

"ብቻዋን ነው። ግን ቶሎ አትሄድም፤ እዚህ ጆንያው ላይ ቁጭ ብላ ስታወራ ነው የሚመሽባት።"

"አባባ፣ ምርመራ ነው እንዴ?" አልኩ አፍሬ።

"ጠየቅኩ እንጂ።"

ጭማቂ ቤቱ ውስጥም ይኸው ነው። አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው በብርጭቆ ውስጥ ተደራርበው የሚቀርቡበትን ስፕሪስ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት፣ "ይህ ይጠጣል ወይስ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል?" ብለው አሳቁን። ቀጥለው ደግሞ ስለ እኔ ጠየቁ። ባለቤቱ እናቴ ስታርፍ ለቅሶ እንደደረሰኝ ሲነግራቸው መረቁት።

የምኮራበትን ቤት ለመጨረሻ አቆይቼው ነበር። መገናኛ አካባቢ፣ ፎቅ ላይ ያለ፣ ዙሪያውን መስታወት የሆነ ካፌ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ላፕቶፔን ይዤ እዚያ ነኝ። ጥቁር የለበሰው አስተናጋጅ "ዌልካም፣ ለሁለት ሰው ነው?" አለን።

"ልጄ እዚህ ትመጣለች?" አሉት አባቴ።

ልጁ አየኝ። ደግሞ አየኝ። "ሶሪ አባት፣ ብዙ ሰው ነው የሚመጣው።"

አባቴ በመስታወቱ ቁልቁል ሚኒባሶቹን አዩና "ያምራል" አሉ። ሳንቀመጥ ወጣን።

ወደ እንጦጦ በኮንትራት ታክሲ ወጣን። ዳገቱ ላይ መኪናው ሲያቃስት አባቴ እንደ በቅሎ "አይዞህ" ይሉት ነበር። እንጦጦ ማርያም ደጁን ተሳልመው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ዛፉ ገለጥ ብሎ ከተማው የሚታይበት ሣር ላይ ተቀመጥን። ብርዱ ቀዝቃዛ ውሃ የጠጣሁ ያህል ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል። ከታች ቆርቆሮው፣ ፎቁ፣ ያላለቀው ፎቅ፣ እንደገና ቆርቆሮው፣ ጭስ እስኪጋርደው ድረስ ተዘርግቷል። አባቴ ቆባቸውን አወለቁ።

"ይህ ሁሉ ሰው ዛሬ ቁርሱን በላ?"

"አብዛኛው በልቷል።"

"ማን ጋገረለት? ማን ወጥ ሠራለት?" አሉ፣ ለእኔም ሳይሆን። "ነገስ ደግሞ? በየቀኑ? ወይ ጉድ።"

እዚያ ቦታ ስንት ጊዜ ፎቶ ተነስቻለሁ፤ አንድም ቀን እንዲህ አላየሁትም። ገና ጎህ ሳይቀድ የሚቀጣጠለው ምድጃ፣ ሌሊቱን ጭነት ይዞ የሚገባው መኪና፣ ሽንኩርት የሚከትፈው እጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታየኝ። ፈራሁ። ደስ የሚል፣ እንባ የሚያመጣ ፍርሃት ነበር። የከተማው ባለቤት መስዬ ሳስጎበኝ ውዬ፣ ያስጎበኙኝ እሳቸው ሆኑ።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። አባቴ ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና የገብስ ቆሎ አወጡ። ባርከው የመጀመሪያውን ጭብጥ ለእኔ ሰጡኝ። የእናቴ ቆሎ አንድ ዓይነት መልክ ነበረው፤ ይህኛው ግማሹ ጥሬ፣ ግማሹ የከሰለ ነው። ራሳቸው እንደቆሉት ያኔ ገባኝ። በልቼው የማላውቀው ዓይነት ጣዕም ነበረው፤ ከዚያ በፊት ምግብ ቀምሼ የማላውቅ እስኪመስለኝ ድረስ።

"ይቅሩ አባባ" አልኩ፣ ቆሎው ከአፌ ሳያልቅ። "እባክዎን። ብቻዎን አይሁኑብኝ።"

ቆሏቸውን አላምጠው ጨረሱ።

"እናትሽ አልጋ ከያዘች ጀምሮ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር። 'ያቺ ልጅ ምን ትበላለች? ብትቀር ማን ይፈልጋታል?' ትለኛለች። 'ትበላለች፣ ሰው አላት' እላታለሁ። 'አይተሃል?' ትለኛለች። አላየሁም። ሳላይ ሞተች።"

ነፋሱ ባሕር ዛፉን አወዛወዘው።

"አሁን አየሁ። ያ የመስታወቱ ቤት ይቅርብሽ፤ የቀሩት ደህና ናቸው።" ቆባቸውን መልሰው አጠለቁ። "ልሂድና ልንገራት። መቃብሯ እዚያ ነው፤ ከእኔ ሌላ ማን ይነግራታል?"

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ላምበረት ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ ሲወጣ በመስኮት እያዩኝ እጃቸውን ወደ አፋቸው አድርገው የመብላት ምልክት አሳዩኝ። አለቀስኩ። ከዚያ ወደ ዱለት ቤቷ ሄጄ ጥጌ ላይ ተቀመጥኩ። ዓርብ ስለሆነ ባለቤቲቱ የጾም ፍርፍር አመጣችልኝና፣ ፊቴን አይታ ሥራዋን ትታ አጠገቤ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልዬ መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። አባቴ ግን ማታ ደርሰው እናቴን "ትበላለች" ሊሏት ነው። ውሸታም እንዳይሆኑብኝ አንስቼ ጎረስኩት፤ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ በላሁ።