ሽቦ ያልሆነው መስመር

ያንን ፕሮግራም ዛሬም ሳስበው ያቅለሸልሸኛል።

ላሊበላ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ኤሌክትሮኒክስ በማስተምርበት ጊዜ ኮምፒውተሮቹ ከነካርቶናቸው ተቆልፎባቸው ነበር። ንብረት ክፍሉ ይበላሻሉ ብሎ ለፈተና ካልሆነ አይከፍትም። እኔ ታዲያ ምን ላድርግ? የኤሌክትሪክ ሰርኪት በኮምፒውተር የሚሞከርበትን የሲሙሌተር ፕሮግራም ስክሪን ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ፣ ተማሪዎቹ ደብተራቸው ላይ እየገለበጡ፣ በጣታቸው ወረቀቱን ክሊክ እያደረጉ ተማሩ። ሲሙሌተር በደብተር! ጉድ እኮ ነው።

ከሁሉም የምትልቀው ከይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ የመጣች የገበሬ ልጅ ነበረች። ጌት ከሚባሉት የሰርኪት ክፍሎች የትኛው ምን ሲገባለት መብራቱን እንደሚያበራ ሳትጽፍ ነው የምትነግርህ። አንድ ሆቴል ለጥገና ሥራ ሊቀጥራት ቃል ገብቶላታል፤ የሚጠይቃት “ብቁ” የሚል ወረቀት ብቻ ነው። እሱንም ቶሎ።

የፈተናው ቀን ኮምፒውተሮቹ ወጡ፤ መዛኙም ከወልድያ መጣ። ማውስ ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነው። ቢሆንም ሰርኪቱን ልክ ደብተሯ ላይ እንዳለው አድርጋ ሳለችው። ማስኬጃውን ተጫነች፤ መብራቱ አልበራም። ደግማ ተጫነች። ዝም። ተሳስተሻል አይል፣ እዚህ ጋ ነው አይል፣ ድፍን ያለ ነገር!

ወዲያው ገባኝ። ያ የተረገመ ፕሮግራም ሁለት መሣሪያ አለው፤ አንዱ ሽቦ ይዘረጋል፣ ሌላው ለጌጥ መስመር ያሰምራል። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ቀጭን፤ በዓይን አይለዩም። እሷ የመረጠችው ጌጡን ነው። በደብተር ለተማረ ሰው መስመር ሽቦ ነዋ! ለተማሪ ብሎ እንዲህ ያለ ወጥመድ የሚሠራ ምን ዓይነት ሰው ነው? ቱ!

መዛኙን ለመንኩት። ሐሳቧ ልክ እንደሆነ፣ የተሳሳተችው መስመሩን ብቻ እንደሆነ አስረዳሁት።

“መብራቱ በርቷል?” አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል። ገና ብቁ አይደለችም ብሎ ጻፈ። አስጠላኝ፤ እስክሪብቶው ሳይቀር አስጠላኝ።

እሷ አላለቀሰችም። በሩ ላይ ጠብቃ ደብተሯን ገለጠችልኝ።

“ቲቸር፣ ስክሪኑ ላይ መስመር የሚያሰምሩት መሣሪያዎች ሁለት ናቸው፤ እርስዎ የሳሉልን አንዱን ብቻ ነው። ሁለት መሆናቸውን ያውቁ ነበር?”

አውቅ ነበር። ተማሪ ሳለሁ እኔኑ ግማሽ ቀን ያስፈጠጠኝ ወጥመድ ነው። ሰሌዳው ጠበበኝና አንዱን ተውኩት።

“አላውቅም ነበር” አልኳት።

አመነችኝ። እርስዎም ምን ያድርጉ ብላ፣ ጎንበስ ብላ ተሰናበተችኝ። በሳምንቱ ሆቴሉ ሌላ ሰው ቀጠረ።