ሠረገላውን ያልጎተተው አለቃ

በዚያ ክረምት ባሉች የሚባል ሕዝብ ይዞኝ ነበር። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ መንገድ ዳር ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገዝቼ ነው ያገኘኋቸው። እንግሊዝኛዬ ከእንዲህ ዓይነት መጻሕፍት የተለቀመ ስለሆነ ግማሹ አልገባኝም፤ የቀረውን በስልኬ እየፈለግኩ ሞላሁት።

ባሉቾች ዛሬ በፓኪስታን፣ በኢራንና በአፍጋኒስታን ተከፋፍለው የሚኖሩ የተራራና የበረሃ ጎሳዎች ናቸው። እንግሊዞች አገራቸውን ሲይዙ ለጎሳ አለቆቹ ደመወዝ እየከፈሉ አስገበሯቸው። አንድ ትልቅ የእንግሊዝ ሹም ሲመጣ አለቆቹ ፈረሶቹን ፈትተው ሠረገላውን በገዛ እጃቸው ጎተቱለት ይባላል። ማሪ ከሚባለው ጎሳ የመጣው አለቃ ግን እምቢ አለ። ቆይቶም በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ወታደር አዋጡ ስትላቸው፣ ማሪዎች ልጆቻችንን አንሰጥም ብለው ተነሡ። አውሮፕላን ተልኮ ቦምብ ተጣለባቸው።

ስለዚያ አለቃ ግጥም ጀምሬ ነበር። ስለሚጎትቱት መጻፍ ቀላል ነው፤ ላባቸው አለ፣ ገመዱ አለ። እጁን አጣጥፎ ስለቆመ ሰው ምን ይጻፋል? እዚያ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ።

የምንኖረው ልደታ ውስጥ፣ አንድ ቧንቧ በሚጋሩ የቀበሌ ቤቶች ግቢ ነበር። ግቢው ይፈርሳል ተብሏል። እናቴ ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍ ትሸጣለች፤ ከቤት በእግሯ ነው የምትሄደው። ከተማ ዳር ከተላክን ሥራዋ አበቃ ማለት ነው። የግቢው ሰው ሁሉ ጥያቄ አንድ ነበር፤ ምትክ ቤት እዚሁ አካባቢ ይሰጠናል ወይ? ጠያቂ ሆነው የተመረጡት የእድራችን ሊቀ መንበር ናቸው። ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ የወጡ፣ ያለ ኮት ከቤት የማይወጡ ሽማግሌ ናቸው። በባሉች ነገር ሲቀልዱብኝ ከርመዋል።

«የፓኪስታኑ ገጣሚ፣ ዛሬስ እነማን ተዋጉ?» ይሉኛል።

«እነዚያው ናቸው ጋሼ።»

«አሸነፉ?»

«አላሸነፉም።»

«ታዲያ ምን ያደክምሃል?»

የክፍለ ከተማው ኃላፊ ሊያነጋግረን የመጣ ቀን ዝናብ ስለነበር የእድሩን ድንኳን ተከልን። ኃላፊው ስለ ከተማው ውበት ተናገረ። ስለ ልጆቻችን ብሩህ ጊዜ ተናገረ። ጋሼ ኮታቸውን ቆልፈው እጃቸውን አወጡ። ኃላፊው «ጥያቄ በሌላ ጊዜ እንቀበላለን» አለና ወጣ። በቃ። እጃቸው እንደተሰቀለ ቀረ።

የመጣበት ነጭ ትልቅ መኪና ግን ከበራችን አላለፈም። የኋላ ጎማው ጭቃው ውስጥ ገባ፤ ሾፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ይብስ ሰመጠ።

መኪና መግፋት እኛ ዘንድ ውርደት አይደለም። ታክሲ ሲቆም ወርደን እየተሳሳቅን ገፍተን እንደገና እንሳፈራለን። የዚያን ቀን ግን ሰዉ ከድንኳኑ እየተሯሯጠ ወጣ። ያልተጠራ ሁሉ ሮጠ። እኔ ወደ ኃላፊው መስኮት ሄጄ አንኳኳሁ። ስልክ እያወራ ነበር፤ መስተዋቱን በጣት ስፋት ዝቅ አደረገ።

«ጥያቄ ነበረን» አልኩት።

«አንተ ወጣት አይደለህ? ግፋ እንጂ» አለኝና ዘጋው። ስልኩን እንኳ ከጆሮው አላነሣም።

ዞሬ ወደ ጋሼ ሄድኩ። «ተዉት። መልስ ይስጠንና እንገፋለን። አሁን እኮ የትም አይሄድም።»

«ነውር ነው! በራችን ላይ የመጣ እንግዳ ነው።» ኮታቸውን አውልቀው ለአንዲት ሴት አስያዙ። ያንን ኮት ሲያወልቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«እንግዳ እኮ የተቀመጠበትን ቤት አያፈርስም።»

«ምላስህን ሰብስብና ና ግፋ!»

አልገፋሁም። እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። ከዚያ እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መጣች።

«እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ምን ቤት ነሽ?»

«ዝም በል። ፊታችንን ቢያውቀው ምን ይጎዳናል?»

ኃላፊው ፊቷን አላየውም። ወደ ኋላ አንድ ጊዜ እንኳ አልዞረም። ጎማው ሲሽከረከር የጋሼን ሸሚዝና የእናቴን ነጠላ ጭቃ አለበሳቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ ተገፋ። መኪናው ወጣ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ያን ጭብጨባ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ሰውየው እጃችን ላይ ነበር፤ ጎማው እስኪወጣ ድረስ የእኛ ነበር። መልስ ሳይሰጠን እንዲሄድ ትከሻችንን አዋጣንለት። አመሰግናለሁም አላለም፤ መብራቱን ብልጭ አድርጎ ሄደ።

ሌላው ጊዜ አልመጣም። የመጣው ቤት አፍራሹ ነው። የግቢው ሰው እዚህም እዚያም ተበተነ። እናቴ አሁን ጧፏን ታቅፋ ሁለት ታክሲ ትቀያይራለች። ልደታ ስትደርስ አስቀዳሹ ወጥቷል፤ ቦታዋን ሌላ ሰው ይዞታል። በየቀኑ ደህና ዋልኩ ትለኛለች፣ በየቀኑ ጧፉ እንደ ሄደ ይመለሳል።

ጋሼ የደረሳቸው ከተማው ሌላ ጫፍ ነው። በቀደም ደወሉልኝ። ስለ ጤና፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ።

«ያ ሠረገላ አልጎትትም ያለው ሰውዬ» አሉ በመጨረሻ፣ «ጻፍከው?»

«አልጨረስኩትም ጋሼ።»

«ጨርሰው። እኔንም አስገባኝ።»

«የት ላስገባዎት?»

«ከሚጎትቱት ጋር ነዋ፤ ሌላ የት?» አሉ። «ኮቴን አውልቄ።»