የጊታር ገመድና የሰዒድ ፕላስተር

ዛሬ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ አቧራ ሳራግፍ አንድ ወጣት ገባ። ፊቱን ፀሐይ ልጦታል፣ የጫማው ሶል በሽቦ ታስሯል። በአማርኛ ሰላም አለኝና «እናቴ፣ ጥቁር ፕላስተር አለ? ውኃ የማያስገባውን» ብሎ ጠየቀኝ።

እዚህ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ብዙ ዓይነት ደንበኛ ያያል። እንዲህ ብሎ ፕላስተር የሚጠይቅ ግን አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። በኦቦክ የባሕር ዳርቻ በኩል ወደ የመን የሚሻገር መንገደኛ ስልኩንና ቁጥር የጻፈበትን ወረቀት በፌስታል ይጠቀልላል፣ በፕላስተር ያሽጋል፣ ወገቡ ላይ ያስራል። ባሕሩ ሌላውን ሁሉ ቢወስድበት የዘመዱ ቁጥር እንዲተርፈው ነው።

«ከመጋዘን ላምጣልህ፤ ቁጭ በል» አልኩት። ፕላስተሩ መጋዘን አልነበረም፤ ባንኮኒው ሥር፣ እጄ አጠገብ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሰዒድ የሚባል መንገደኛ ትዝ ብሎኝ ልጁን ትንሽ ላቆየው ፈልጌ ነው።

ያኔ ሱቁ የአባቴ ነበር። አባቴ ከድሬዳዋ መጥተው እዚሁ የከተሙ ሰው ነበሩ፤ ሬዲዮ፣ ማራገቢያ፣ የመስጊድ ማይክሮፎን፣ የማይጠግኑት ነገር አልነበረም። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ይሁን እኔ ከሥራቸው አልጠፋ ብዬ፣ ብየዳን ያስተማሩት እኔን ነው። የሰፈር ሴቶች «ነጃት በሂና ፋንታ የቃጠሎ ጠባሳ ይዛ ልትዳር ነው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ። የእነሱ ሬዲዮ ሲበላሽ የሚመጡት እኔው ጋ ነበር።

ካምሲን የሚነፍስበት ወር ነበር። ያ ነፋስ ከበረሃው አቧራውንም እሳቱንም ጠርጎ ያመጣዋል፤ የበር እጀታ በባዶ እጅ አይያዝም። ሰዒድ በእንዲህ ያለ ቀን ፕላስተር ሊገዛ ገባ። ቀጭን ነው፣ ከኮምቦልቻ ነው የመጣው፣ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ፕላስተሩን ተቀብሎ ሊወጣ ሲል ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጊታር አየና ቆመ። ጊታሩ የዳሂር ነበር። ዳሂር በየሠርጉ የሚጫወት ባንድ ያለው፣ ሆዱም ድምፁም ትልቅ የሆነ የሰፈራችን ሶማሌ ነው። ጊታሩን ለጥገና ትቶልን ሄዶ ነበር።

«ልንካት?» አለ ሰዒድ።

«ከሰበርካት ትከፍላታለህ» አልኩት።

ተቀምጦ አምባሰል ቅኝት መታ። ጣቶቹ ሻካራ ነበሩ፤ የሚያወጡት ድምፅ ግን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ አባቴ የያዙትን ሬዲዮ አስቀመጡ። አገሩ ሳለ በቀበሌ ኪነት ጊታር ይመታ እንደነበር ነገረን። አሁን ደግሞ ጅዳ ያለች እህቱ ጋ ሊሻገር ደላላ እየጠበቀ ነው። ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ መኪና አለ ተብሏል።

«እዚህ ሥራ ብታገኝስ?» አልኩት።

«ሥራ ባገኝማ ባሕር ላይ ምን አስወጣኝ?» አለና ሳቀ። ሳቁ ደስ አላለኝም። ዋና አልችልም የሚል ሰው እንዲህ ሲስቅ ያስፈራል፤ እንደማይችልም ቀደም ብሎ ነግሮኛል።

ዳሂርን ጫቱ ሳይደርስ ማናገር አይታሰብም። ከተማው በሙሉ ከቀትር በኋላ ከኢትዮጵያ የሚመጣውን ጫት ሲጠብቅ ይነጫነጫል፤ ዳሂር ደግሞ የሁሉም አለቃ ነው። ጉንጩ እስኪሞላ ታግሼ ሄድኩና ሐሙስ ማታ ሊሻገር የተነሳ ጊታር መቺ አገኘሁልህ አልኩት።

«ነጃት፣ ጊታር የሚመታ ሞልቷል» አለኝ። «የጠፋው ሳጥኖቹን የሚያናግር ነው።»

ሳጥኖች የሚለው ፔዳሎቹን ነው። ካናዳ የሄደው የድሮ ጊታሪስቱ ጥሏቸው የሄደ፣ በእግር የሚረገጡ ሦስት ትናንሽ ብረቶች ናቸው። አንዱ የጊታሩን ድምፅ ያሻክራል፣ አንዱ ያወዛውዛል፣ ሦስተኛው ያስተጋባል። የጅቡቲ ሠርገኛ ያቺን እየደጋገመች የምትርቅ ድምፅ ካልሰማ ጊታር ሰማሁ አይልም። ፔዳሎቹን እርስ በርስ የሚያያይዙት ሁለት አጫጭር ገመዶች ግን ሞተዋል። አንዱን ከፍቼ ሳየው የውስጡ መዳብ አረንጓዴ ሆኗል። የዚህ ከተማ ጨው ያለበት አየር የማይበላው ነገር የለም።

«ሐሙስ ከሰዓት አምቡሊ ሰፈር ሠርግ አለኝ» አለ ዳሂር። «እንግዳ ሳይገባ ይምጣ። ሳጥኖቹን ካናገረ ሥራው የእሱ ነው። ካላናገረ መንገዱን አልዘጋበትም።»

እንግዲህ ገመዱ የእኔ ጉዳይ ሆነ። ገበያ ላይ ከዱባይ የመጡ የሚያብረቀርቁ አሉ፤ ሰዒድ እነሱን ነበር የወደደው። አንዱን በምላጭ ሰንጥቄ አሳየሁት። ከላይ ወፍራም ጎማ፣ ከውስጥ ጥቂት ጭራ የመሰለ መዳብ ነው ያለው። ቀጥሎ የድምፅ ማጉያ ገመድ ሞከርኩ። ያ ደግሞ የአካባቢውን ኤሌክትሪክ ሁሉ እየሰበሰበ እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ። የጊታር ድምፅ ደካማ ነው፤ የሚያልፍበት ሽቦ ዙሪያውን በተጠለፈ የመዳብ መረብ ካልተሸፈነ ጩኸት ይገባበታል። በመጨረሻ አባቴ ለመስጊድ ማይክሮፎን ከዘረጉት ገመድ የተረፈ ቁራጭ ትዝ አለኝ። ከፈትኩት፤ መረቡ ጥቅጥቅ ያለ፣ መዳቡም ገና ቀይ ነበር።

ገመድ ባጠረ ቁጥር ድምፁ ይጠራል የሚል ነገር ሰምቼ ስለነበር ከስንዝር አሳንሼ ቆረጥኩት። አባቴ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ።

«ትንሽ አስረዝሚው ልጄ።»

«ይበቃዋል አባ።»

«ሰውየውንስ ይህ ያስቀረዋል? ስንቱን መንገደኛ ይዘሽ ታስቀሪያለሽ?» አሉኝ። ክፋት አልነበራቸውም። ብዙ መንገደኛ አይተዋል፣ በኋላ የደረሰባቸውንም ሰምተዋል፤ እኔ እንዳላዝን ነበር የፈሩት። ብየዳዬን ቀጠልኩ። ሱቁ ውስጥ ስንሞክራቸው ሁለቱም ገመዶች እንከን አልነበራቸውም።

ሐሙስ ቀትር ላይ ሰምቡሳችንን እየገመጥን በሚኒባስ ወደ አምቡሊ ሄድን። እኔ የሠራኋቸውን ሁለት ገመዶች፣ የብየዳ ብረቴን፣ የተረፈውን ገመድና ለብየዳ የሚቀልጥ ትንሽ እርሳስ በቦርሳ ይዣለሁ። ሰዒድ ከዳሂር ጊታር በቀር የያዘው ነገር የለም። ከሸሚዙ ሥር ወገቡ ላይ ግን አንድ ነገር ጉብ ብሏል። የእህቱ ቁጥር ታሽጓል ማለት ነው፤ ስልኩን ግን ደላላው እስኪደውል ገና በኪሱ ይዟል። ዳሂር ካልተቀበለው ከዚያው ከአምቡሊ ወደ መኪናው ሊሄድ ነው። ይህን ሳይ የቀረኝን ሰምቡሳ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ዳሱ ደረቁ ወንዝ ዳር ተተክሎ ነፋሱ ሸራውን ይደበድበዋል። ዳሂር ፔዳሎቹን መድረኩ ላይ ራሱ ደረደራቸው፤ አራርቆ። የድሮው ጊታሪስት እግሩ ትልቅ ስለነበር ሲረግጥ ሁለቱን ባንዴ እንዳይጫን እንዲህ አራርቆ ነበር አሉ የሚያስቀምጣቸው፤ ዳሂር ደግሞ የለመደው ቦታ እንዲነካበት አይወድም። የእኔን ስንዝር የማይሞላ ገመድ ወጥሮ ሰካው። ሰዒድ መታ፣ ረገጠ፣ ድምፁ አንዴ አስተጋባና ጠቅ ብሎ ጠፋ። ገመዱ ጫፉ ላይ ካለው ጃክ፣ ፔዳሉ ውስጥ ከሚሰካው ብረት፣ ተነቅሏል።

«በቃ?» አለ ዳሂር።

«ቆይ! ቆይ፣ አልቋል አልተባለም!» ብዬ ጮኽኩበት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ትልቅ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም።

ብረቴን ጀነሬተሩ ላይ ሰካሁት። የጀነሬተሩ ኃይል ደካማ ስለሆነ ቶሎ አልግል አለኝ። የሙሽራዋ ዘመዶች ምንጣፍ እያነጠፉ ነው፤ ከውጭ የመኪና ጥሩምባና እልልታ መሰማት ጀምሯል። የሰዒድ ስልክ ጮኸ። አየውና ዝም አሰኘው። እንደገና ጮኸ። ደላላው ነበር። የተረፈውን ገመድ አስረዝሜ ቆረጥኩ፣ መረቡን ፈታሁ፣ የውስጡን ሽቦ ላጥኩ። ላቤ ብረቱ ላይ እየተንጠባጠበ ቺስ ይላል። በየድኩት፤ በጣም ያማረ ብየዳ ነበር። ቀና ስል ብየዳውን የሚሸፍነው የጃኩ ቆብ ቦርሳዬ ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

ብየዳ የሚያውቅ ሰው ይሄኔ ይስቃል። ቆቡን ገመዱ ላይ የምታጠልቀው ከመበየድህ በፊት ነው፤ ከበየድክ በኋላ የሚገባበት መንገድ የለም። አባቴ የመጀመሪያ ቀን ያስተማሩኝ ይህንኑ ነበር። ፈትቼ እንዳልበይደው የቀረኝ እርሳስ የጥፍር ያህል ነው። ራቁቱን እንዳልተወው፣ መረቡና ሽቦው ሲነካኩ ድምፁ ይሞታል፤ የፔዳሉን ብረት ሲነካ ደግሞ ያጉረመርማል። «ፕላስተር!» አልኩ። ኦርጋን የሚመታውን ጠየቅኩ፣ ጀነሬተር የሚጠብቀውን ጠየቅኩ። ማንም የለውም። የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ልጅ ሆኜ ፕላስተር ረስቼ መጥቻለሁ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ሰዒድ ሸሚዙን ገለጠ።

ወገቡ ላይ ያሰረውን ጥቅል ፈታው። የእህቱ ስልክ ቁጥር ከነፌስታሉ ባለ በሌለ ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ለባሕሩ ብሎ ከእኔው የገዛው ጥቁር ፕላስተር ነው። ጫፉን በጥፍሩ ፈለገና ቀስ አድርጎ መላጥ ጀመረ። ሲላጥ የሚያወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

«ሰዒድ፣ እሱ እኮ...»

«ያዢ» አለኝ። ስልኩ እንደገና መጮህ ጀምሯል። «ቶሎ በይ፣ ሰው ገባ።»

ሽቦውንና መረቡን ለየብቻ ጠቀለልኩ፣ ከላይም ደረብኩበት። ፌስታሉ ተከፍቶ ምንጣፉ ላይ ወድቋል፤ ውስጡ የእህቱ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ነበር። ነፋሱ እንዳይወስደው አንስቼ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

ሰካነው። ዳሂር ማይክሮፎኑን ይዞ በአንድ ዓይኑ እኛን፣ በሌላው በሩን ያያል። ሰዒድ መታ። ድምፁ ወጣ፣ አስተጋባ፣ እየደጋገመ ከዳሱ ወጥቶ ወንዙን ተሻገረ። የሶማሌም ዜማ እንደ አምባሰል በአምስት ድምፅ የሚሠራ ነውና ጣቱ ግራ አልገባውም። ምንጣፍ የምታነጥፈው ሴትዮ ቀና ብላ እልል አለች። ዳሂር መዝፈን ጀመረ። የመጀመሪያው ዘፈን መሐል ላይ ይቆማል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልቆመም። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ገባ። እኔ ከመድረኩ ሥር ተቀምጬ ገመዱ ጫፍ ላይ ካለችው ጥቁር የፕላስተር ጉብታ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ።

መግሪብ ተጠራ፣ ሙዚቃው ለሶላት ቆመ። ስልኩ አሁንም ይጮኻል። ሰዒድ ጊታሩን እንዳንጠለጠለ አነሳው።

«አልመጣም» አለ። ከዚያ ደግሞ «አዎ፣ ሰምቻለሁ። አልመጣም» ብሎ ዘጋው። ዳሂር በአጠገቡ ሲያልፍ «እሺ በቃ፣ ነገ ደግሞ ባልባላ ሰፈር ሠርግ አለን፤ አታርፍድ» አለው። ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመርኩት፤ ዳሂር ጭስ ገብቶባት ነው ብሎ አለፈ።

ሰዒድ ከዳሂር ጋር ዓመታት ሠራ። በኋላ አገሩ ገባ፤ አሁን ኮምቦልቻ ውስጥ ለሠርግ ድምፅ ማጉያ ያከራያል፣ ልጆችም ጊታር ያስተምራል። አልፎ አልፎ የድምፅ መልእክት ይልክልኛል፤ «ገመዴ አለች?» ይላል። አለች። መሳቢያዬ ውስጥ ናት። ሙቀቱ ፕላስተሩን አቅልጦት እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ብዙ አልነካትም። አባቴ አሁን በሕይወት የሉም። «ስንቱን ይዘሽ ታስቀሪያለሽ?» ያሉኝን አልረሳሁም። ከሰዒድ ወዲህ ፕላስተር ሊገዛ የመጣውን ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ ግን አልሸጥኩለትም። አብዛኞቹ ፕላስተሩን ይዘው ሄደዋል።

የዛሬውን ልጅ ውኃ አጠጣሁትና ጥያቄዬን ጠየቅኩት። «ምን ሥራ ትችላለህ?»

መጀመሪያ «ምንም» አለ። ሁሉም መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚሉት። ሌላ ብርጭቆ ውኃ ቀዳሁለት። ዓይኑ በሱቄ ግድግዳ ላይ ዞረና የተሰነጠቀው ጥግ ላይ ቆመ፤ ተነስቶ ሄደና በመዳፉ ዳሰሰው።

«ይሄን የለሰነው ሰው አሸዋውን አላጠበውም። ጨው አለበት» አለኝ።

ፕላስተሩን አውጥቼ ባንኮኒው ላይ በመካከላችን አስቀመጥኩት። ይህን ስጽፍ ልጁ እንደ አዲስ ሊለስነው ጥጉን እየፋቀ ነው። ፕላስተሩን ገና አልሸጥኩለትም።