ያልተሰረዘው ምርቃት

እኔና ባለቤቴ ኪዋቱሌ ሰፈር ውስጥ ትንሽ የቪዲዮ ስቱዲዮ አለን። ካምፓላ ያለ ሐበሻ ሲያገባ፣ ልጅ ክርስትና ሲያስነሣ ወይም ኒካ ሲያስር እሱ ካሜራውን ይይዛል፤ እኔ ቁጭ ብዬ አቀናብራለሁ። የቀረጽነው ሁሉ እየተከማቸ ሄዶ ኮምፒውተሩም፣ ለመጠባበቂያ የያዝነው ዲስክም ጢም ብለው ሞሉ። አዲስ ሠርግ በመጣ ቁጥር በቦታ ፍለጋ መጨቃጨቅ ሆነ ሥራችን።

አንድ ቀን ባለቤቴ የኤአይ ኤጀንት አስገባ።

"ይሄ ጠይቀሽው መልስ የሚሰጥሽ ብቻ አይደለም" አለኝ። "ሥራ ትሰጪዋለሽ፣ ራሱ ፋይሉን ከፍቶ አይቶ ያስተካክለዋል።"

እውነቱን ነበር። የትኛው ቪዲዮ የማን ሠርግ እንደሆነ እየለየ በየፎልደሩ ሲያስገባው አፌን ይዤ አየሁ። ቅር ያለኝ ባለቤቴ የመሰረዝ ፈቃድም ስለሰጠው ነው፤ ያውም ከመጠባበቂያው ዲስክ ላይ ሳይቀር። በእርግጥ ከማጥፋቱ በፊት "ልሰርዘው?" ብሎ ይጠይቃል። መጀመሪያ ሰሞን ባለቤቴ እያንዳንዱን ከፍቶ ሳያይ እሺ አይልም ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን ጥያቄው በዛበት። አንድ ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤለት ስገባ፣ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ከደንበኛ ጋር እያወራ በሌላው እጁ "እሺ" የሚለውን ሲጫን፣ ሲጫን አገኘሁት።

ስልኩን እስኪዘጋ ጠበቅኩት።

"አሁን ያስጠፋኸው ምን ነበር?"

ስክሪኑን አየ። "ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ነገር ነው መሰለኝ።"

"መሰለኝ?"

"ስንቱን ልየው ታዲያ! ኤጀንቱ አይቶታል እኮ።"

"እሱ ቢሳሳት ሰዎቹን እንደገና ልንድራቸው ነው?"

ሳቅ አመለጠው፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ተኮራርፈን አደርን። ጠዋት ወሬውን ያነሣው እሱ ነው።

"ሳላይ እሺ የምል ከሆነ መጠየቁም ዋጋ የለውም" አለ። "ነይ፣ አብረን እናስተካክለው።"

መጀመሪያ የተሰረዙትን ዝርዝር ከመጠባበቂያው ዲስክ ጋር አመሳከርን። እውነትም ድጋሚ የተገለበጡ ነበሩ፤ ለዚያ ጊዜ ተረፍን። ከዚያ የመሰረዝ ፈቃዱን ከኤጀንቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ነጠቅን። ማየት፣ መሰየም፣ ከፎልደር ፎልደር ማዛወር ይችላል። ይጥፋ ብሎ ያሰበውን ለብቻው አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሁለታችንም ካየነው በኋላ በእጃችን እናጠፋዋለን። መጠባበቂያው ዲስክ ጋ ጭራሽ እንዳይደርስ ከለከልነው።

ከዚያ ወዲህ ነው ኪሰንዪ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ የጅማ ልጅ የደወለችልኝ። ኒካዋን የቀረጽነው እኛ ነን።

"እህቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ" አለችኝ። "አባቴ ጉሮሯቸው ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው። ድምፃቸው ግን ሄዷል፤ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። የድሮ ድምፃቸውን ብፈልግ ስልኬም ላይ አጣሁ። ኒካዬ ላይ ሲመርቁኝ አልቀዳችሁም?"

የተጠናቀቀውን ፊልም ከፈትኩ፤ ምርቃቱ የለበትም። ባለቤቴን ብጠይቀው ራሱን ያዘ።

"ያኔ እኔ ደጅ ወጥቼ የሙሽራውን ወገን እየቀረጽኩ ነበር። ሁለተኛዋን ካሜራ ከፍቼ አባትየው ፊት ጠረጴዛ ላይ ትቻታለሁ፣ ግን የሌንሷን ክዳን አላነሣሁላትም። ምስሉ ጨለማ ስለነበር ነው ፊልሙ ውስጥ ያላስገባነው።"

የኒካዋ ፎልደር ውስጥ ብንፈልግ የለም፤ መጠባበቂያው ዲስክም ያኔ ሞልቶ ስለነበር እዚያ አልተገለበጠም። ባለቤቴ ይጥፉ የተባሉት የተቀመጡበትን ፎልደር ከፈተ። እዚያ ነበር። ኤጀንቱ ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ "ምስል የለውም፣ ብዙ ቦታ ይዟል። የመሰረዝ ፈቃድ ስላልተሰጠኝ ወደዚህ አዛውሬዋለሁ።"

ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። "ተመስገን" አለ፤ ደግሞ ደጋግሞ፣ "ተመስገን፣ ተመስገን።"

ከፈትነው። ድቅድቅ ጨለማ። የሳህን ኳኳታ፣ የሴቶች ሳቅ፣ ዝም በሉ የሚል ሰው። ቀጥሎ ወፈር ያለ፣ የማይቸኩል የሽማግሌ ድምፅ፣ አማርኛውን ከኦሮምኛ እያቀላቀለ፦ "ልጄ፣ ስትገቢ የምትደምቂ፣ ስትወጪ የምትናፈቂ ያድርግሽ።" "አሚን!" አለ ቤቱ በሙሉ።

ሌላ ዲስክ ላይም ስልኬ ላይም ገልብጠን፣ በትክክል መገልበጡን አይተን፣ በቦዳ ሞተር ኪሰንዪ ወረድን። አባትየው ሱቁ ውስጥ ከጨርቅ ጥቅሎቹ ኋላ ተቀምጠዋል፤ አንገታቸው ላይ ነጭ ሻሽ ጠምጥመዋል። ልጃቸው ድምፁን ከስልኬ ስታሰማቸው አንገታቸውን ደፉ። እስኪያልቅ ቀና አላሉም። እሷ ስታለቅስም ስትስቅም አፏን በብጣሽ ጨርቅ ይዛ ነበር።

ሲያልቅ አዛውንቱ በጣታቸው ጠሩኝና ጎንበስ አልኩላቸው።

"ምርቃቱን አስረዘምኩት" አሉኝ በሹክሹክታ። "ሙሽራው ደጅ ቆሞ ነበር እኮ።"

ያሉትን ጮክ ብዬ ስናገር ሱቁ በሳቅ ሞላ። ባለቤቴ ከሁላችንም በላይ ሳቀ፤ የካሜራዋን ክዳን ባለማንሣቱ ሲቆጭ የቆየው ያኔ ነው የቀለለው።

አዛውንቱ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ ስልኩን ወደ ልጃቸው ገፋ አደረጉት።

"ድገሚው" አሏት።