ደብሩን የዋጠው ሌንስ

የሩሲያው ፊልም ካሜራዬ ሌንሱ ሲሰበር የጃፓን ሌንስ አገኘሁለት፤ አልገጥም አለ። እልኸኛ ነኝ፤ የቲማቲም ቆርቆሮ ደራርቤ ቀለበት ሠራሁና በማር ሰም አጣበቅሁት። ቀለበቱ ስለወፈረ ግን ከክንድ የራቀውን ሁሉ ያደበዝዛል።

ይህን ለነፍስ አባቴ አልነገርኳቸውም። ካባቸውን ለብሰው ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ቆሙና፣ “ከነደብሩ አንሳኝ” አሉ። አፍንጫቸው ሥር ገብቼ አነሳኋቸው።

ፎቶው አዲስ አበባ ታጥቦ ሲመጣ ጢማቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ደብሩ የለም።

“ደብሩን የት አደረስኸው?”

“አባ፣ የዚያን ቀን ጉም ነበረ” አልኳቸው፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

የሰቆጣ ፀሐይ አናታችንን ትጠብሰናለች። ሽቅብ አዩና፣ “በል፣ ለውሸትህ እዚሁ ስገድ” አሉኝ። “ጉሙ ሲመለስ ታቆማለህ።”